እስከ ዲሴምበር ማለቂያ

ሲግኔ፣
ሐይቁ ዛሬ ከዳር ከዳሩ መርጋት ጀምሯል፤
የመጨረሻዋ ማዕድን ጫኝ በድልድዩ ሥር ወጥታ ሄዳለች፣
ጡሩንባዋ ግን ጆሮዬ ውስጥ አድሯል።
ወረቀትሽን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቻለሁ፣
መነጽሬን ሁለቴ ጠርጌ፣ እርሳስሽን በቢላ ቀርጫለሁ፤
ሠላሳ አራት ዓመት የመርከብ ሞተር ፈትቼ የገጠምሁ ሰው
አንዲት ቅጽ ፊት አላበኝ፤ ወይ ጉድ፣ ይኼም ልጅነት ነው።

ትዝ ይልሻል? በየዓመቱ፣ በገና ዋዜማ ምሽት፣
ዱሉዝ ሁሉ ዛፍ ሲያስጌጥ፣ አንቺ ካልኩሌተር ታቅፈሽ፣
"ቨርነር፣ ዘንድሮም ትንሽ እናዛውር" ትዪ ነበር፣
ግብር ካልነካው ሒሳብ ወደ ተገበረበት፣
"እርከኑ እስኪሞላ ብቻ፤ ጠብታ ሳይፈስበት።"

እኔ ደግሞ እስቅብሽ ነበር፦
"ሳይጠሩሽ አቤት፣ ሳይልኩሽ ወዴት!
ሰው ግብርን ይሸሻል እንጂ፣ ያንኳኳል ወይ ደጁን ሄዶ?"

አንቺ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳትዪ፦
"ሰባ ሦስት ሲሞላን በግድ ያስወጡናል፤
ያን ጊዜ ጡረታችንም ለግብር ይጋለጣል፣
የጤና መድኅኑም ይወደዳል።
ደግሞ አንድ ቀን፣ ቨርነር፣
ከሁለታችን አንዱ ብቻውን ይቀራል።
ቤቱ ያው ነው፤ የማሞቂያው ሒሳብ ያው ነው፤
የአልጋው አንድ ጎን ብቻ ነው የሚጎድለው፤
እርከኑ ግን በግማሽ ይጠባል።"

ለመበለትነትሽ ስንቅ የምትቋጥሪ መስሎኝ ዝም አልሁ።
በሁለት ቱቦ የተጠገነው ልብ የእኔ አይደል?
አባቴ በስድሳ፣ ወንድሜ በስድሳ አራት፤
ቀድሞ ሂያጁ እኔ ነበርሁ፣ በማንም ሰው ስሌት።

ኦክቶበር አሥራ ዘጠኝ።
ቁጥር ስታ የማታውቅ ሴት
አንዲቷን ቁጥር ሳተቻት።

በቤተ መጻሕፍቱ በነጻ ቅጽ የምትሞላዋ ዶሎሬስ ኪቪ
ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ለዘንድሮ ገና ባለትዳር ነህ" አለችኝ።
ለካ ሕጉ እንዲህ ነው፤
ቄሱ "ሞት እስኪለያችሁ" ነበር ያለን፤
ግብር ቤቱ አሥር ሳምንት ጨመረልን።
እስከ ዲሴምበር ማለቂያ፣ ሲግኔ፣
በመንግሥት ዓይን ሚስቴ ነበርሽ።
ሌሊቶቹን አንድ በአንድ ቆጠርኋቸው።

የዚህኛው ዓመት ቅጽ ላይ አንዲት ሳጥን አለች፤
"ያላገባ" ትላለች።
ሃምሳ አንድ ዓመት!
እጄ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ምልክቱን አደረግሁ፤
ሕጉ እውነት ያለውን ውሸት በእርሳስሽ ፈረምሁ።

ትናንት ነው፣ በሦስተኛው መሳቢያ፣ ከመብራት ደረሰኝ ሥር፣
ጽሑፍሽን ያገኘሁት፦
"መጀመሪያ ከዚህ አውጣ፤ ይኼ ሲያልቅ ከዚያኛው።
የተገበረበትን አትንካ፣ ጣሪያው ያፈሰሰ ቀን ነው የእሱ ተራው።
ለመርከበኞች መጠለያ የምትሰጠውን በእጅህ አትስጥ፣
ከሒሳቡ በቀጥታ ይሂድ፤ ገቢህ ውስጥ አይቆጠርብህም።
ደግሞ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ስንቴ ልንገርህ?"
ከግርጌው ቀኑን አየሁት፤
ስምንት ዓመት አልፎታል።
ያኔ ደኅና ነበርሽ፣ በበረዶ መንሸራተቻ ኮረብታ የምትወጪ።
ለካ ያን ሁሉ ዘመን የምትቆጥሪው ለኔ ነው።

ልጅ አልወጣልንምና "ጧሪ ቀባሪ የለኝም" እያልሁ እፈራ ነበር፣
አንቺ በየገናው ዋዜማ፣ ጠብታ በጠብታ፣
ጧሪ ትወልጂልኝ ነበር።
አስቀድመሽ ገብረሽ ግብር አበላሽኝ፤
እኔ ድግሱ የማን እንደሆነ ሳላውቅ በላሁ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ተራው የእኔ ነው።
ጠባቧን እርከን እስከ አፏ ልሞላት
እጄ እየተንቀጠቀጠ አዛወርሁ፤
ደምሬ ሳየው፣ ሃያ ሦስት ዶላር ፈስሶብኛል።
ሳቂብኝ፣ ሲግኔ።
ቧንቧውን ነገ አጠብቀዋለሁ።